ሽማግሌ ልንቀበል ወደ ኮኮስ ደሴት

ከተመለስኩ ወዲህ ፍሌሚንግተን ባለው ሕንፃችን ሊፍት ውስጥ የሚያገኘኝ ጎረቤት ሁሉ «ደሴቷስ እንዴት ነበረች?» ይለኛል። አፌን ከመክፈቴ ሊፍቱ ይቆምና ጠያቂዬ ይወርዳል። ስለዚህ ከመነሻው እስከ መመለሻው ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ተነሳሁ። ከእናንተ መካከል ወደዚያ የሚሄድ ብዙ ሰው ይገኛል ብዬ አልገምትም፤ እኔም ልጄ ባትኖርበት ኖሮ ስሟን ሳልሰማ ዕድሜዬን በጨረስኩ ነበር።

ልጄ ሐናን ነርስ ናት፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። አባቷ ካረፈ ወዲህ ሁለታችን ስንኖር ቆይተን፣ ባለፈው ዓመት «ለስድስት ወር ብቻ ነው እማ» ብላኝ ኮኮስ ደሴቶች ወደሚባል ቦታ ለሥራ ሄደች። ቦታው የአውስትራሊያ ነው፤ ነገር ግን ከፐርዝ ተነስቶ የሕንድን ውቅያኖስ ይዞ ረጅም መንገድ መብረር ይጠይቃል። ሰው የሚኖርባቸው ሁለት ደሴቶች ናቸው። ዌስት አይላንድ የምትባለው የአውሮፕላን ማረፊያው ያለባት ናት። ሐናን የምትሠራባት ሆም አይላንድ ደግሞ ቅድመ አያቶቻቸው በኮኮናት እርሻ ሊሠሩ የመጡ የማላይ ሙስሊሞች መንደር ናት። ስድስቱ ወር አለቀ፤ ሐናን አልመጣችም። ኋላ በስልክ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ አንድ ልጅ ነገረችኝ። ያሲን ይባላል፤ በሁለቱ ደሴቶች መካከል ሰው የሚያመላልሰው ጀልባ ላይ የሚሠራ ነው።

እሷ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ የደሴቷን የአየር ትንበያ ሳላይ አልተኛም። ቴሌቪዥኑ የአውስትራሊያን ካርታ ሲያሳይ ኮኮስ የለችም፤ ካርታው እዚያ ሳይደርስ ያልቃል። በስልኬ ፈልጌ ነው የማገኛት። የእኛ ሜልበርን ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ላይ በረዶ፣ ማታ ነፋስ ስታፈራርቅ ያቺ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናት፤ ሙቀት፣ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣ ነፋስ፣ አልፎ አልፎ ካፊያ። በእነሱ የዝናብ ወራት ግን «ዝቅተኛ ግፊት እየተፈጠረ ነው» የሚል ጽሑፍ ብቅ ሲል ሌሊቱን ስልኬን እያየሁ አነጋለሁ፤ አውሎ ነፋስ የሚወለደው ከእሱ ነውና። ደሴቷ ላይ ኮረብታ የሚባል ነገር የለም። እኔ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ደሴ ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ። እኛ አገር ጎርፍ ሲመጣ ሰው ሽቅብ ይሮጣል። እዚያ ወዴት ይሮጣል?

የያሲን ቤተሰብ በወጉ ሽማግሌ ሊልክ ፈልጎ ነበር። ነገር ግን አባቱ ልባቸው ደካማ ስለሆነ ሐኪም አውሮፕላን ከልክሏቸዋል፤ እሳቸው የሌሉበት ሽማግሌ ደግሞ እነሱ ዘንድ አይሆንም አሉ። ለእኛም ቢሆን ልጅ የሚሰጠው ወሊይዋ፣ ከአባቷ ወገን ያለ ኃላፊዋ፣ ነው። የሐናን ወሊይ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሙሄ ናቸው፤ ሰንሻይን ዌስት ነው የሚኖሩት። ነገሩን ስነግራቸው ጢማቸውን እየዳበሱ ብዙ ካሰቡ በኋላ «ሽማግሌው ካልመጣልን ሄደን እንቀበለዋለን» አሉ። በወሎ ምድር ሽማግሌ ሊቀበል አውሮፕላን የተሳፈረ ወገን እኛ የመጀመሪያዎቹ ሳንሆን አንቀርም። እኔ በልቤ የያዝኩት ግን ሌላ ነበር። ቦታውን በዓይኔ አይቼ፣ ሐናንን አግባብቼ ይዣት ልመለስ ነው የሄድኩት። ይህን ለጋሼ ሙሄ አልነገርኳቸውም።

ሰኞ

ቤቴ ሕፃናት ስለምጠብቅ ለወላጆቹ ቀድሜ አስታውቄ ነበር። ጠዋት የጋሼ ሙሄ ልጅ በመኪናው አደረሰን። ሜልበርን ያን ቀን ትበርድ ነበር፤ ጋሼ ሙሄም ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው መጡ። የምንሄድበት አገር ሞቃት ነው ብላቸው «በውሃ የተከበበ አገር እንዴት ይሞቃል?» ብለው አላወለቁም። ፍተሻው ላይ ከዘራቸውን ተቀብለው በማሽኑ ውስጥ ሲያሳልፉት ከዓይናቸው እንዳይጠፋ ተንጠራርተው ይከታተሉ ነበር። ከወዲያ በኩል ሲወጣላቸው እንደ ዘመድ ተቀበሉት።

ፐርዝ ከሰዓት በኋላ ገባን። ቡክ ያደረግሁት ሞቴል ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፤ ቤቱ ንጹሕ፣ መስኮቱ ግን አልዘጋ ያለ። ከቤት ይዘን የመጣነውን ድርቆሽ በሽንኩርትና በቲማቲም አሽቼ በላን። ጋሼ ሙሄ ስለ ያሲን ጠየቁኝ፤ ይሰግዳል ወይ፣ ሰው ያከብራል ወይ። ሐናን የነገረችኝን ነገርኳቸው። የራሴን ሐሳብ ዋጥኩት።

ማክሰኞ

የኮኮስ አውሮፕላን የሚነሳው ከዓለም አቀፉ ተርሚናል ነው። ጋሼ ሙሄ ይህን ሲያዩ ፓስፖርት አልያዝኩም ብለው ደነገጡ። እዚያው አገር ውስጥ መሆናችንን ላስረዳቸው ስሞክር ሰዓቱ ሄደ፤ የእኛን ሰልፍ ስንደርስበት ግን ሰው ሁሉ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። በረራው ካንስል ሆኗል። ደሴቷ ላይ ደመናው ዝቅ ብሎ ነፋሱም በርትቷል፤ ትንበያው ለነገ ይሻላል ይላል ተባልን። በልቤ «ይኸው፣ ገና ሳልደርስ» አልኩ።

ዙህር ሲደርስ የምሰግድበት ቦታ ፍለጋ ስዞር አንዲት ሻሽ የለበሰች፣ በዕድሜ እኔን የምታክል ሴት በእጇ ጠራችኝ። መስገጃ ክፍሉን አሳየችኝና አብረን ሰገድን። ሆም አይላንድ ነዋሪ ናት፤ ፐርዝ ለሕክምና መጥታ መመለሷ ነው። አጠገቧ የተደረደሩት የበረዶ ሣጥኖች በቃሪያ፣ በብርቱካንና በጎመን የተሞሉ ናቸው፤ ደሴቷ ላይ አትክልት በአውሮፕላን ነው የሚገባው። የእሷም የእኔም እንግሊዝኛ ተቀራራቢ ስለሆነ አልተፋፈርንም። ከሣጥኖቹ ከአንዱ በዓሣ የተጠበሰ ሩዝ አውጥታ ለሦስታችን አካፈለች። ጋሼ ሙሄ በልተው ዱዓ አደረጉላት፤ «አሚን» ስትል ቋንቋችንን የምታውቅ መሰለቻቸው።

የሴትየዋ ዝምታ ደስ ይል ነበር። ጋሼ ሙሄ ሶፋው ላይ ሲያንቀላፉ እኔ ለማንም ያልነገርኩትን ለእሷ ዘረገፍኩት። ልጄ እዚያ መሆኗን፣ ደሴቷ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ መሆኗን ስሰማ እንቅልፍ እንደነሳኝ፣ እሺ ልል ሳይሆን ልጄን ይዤ ልመለስ እንደምሄድ ነገርኳት። ሰማችኝ። ልጄን እንደምታውቃት፣ የደም ግፊቷን የምትለካላት እሷ እንደሆነች ነገረችኝ፤ ከዚያ ስለ ዝናብ አወራን። ሰዎች ማክ ኒና እያሉ ይጠሯታል። እነሱ ዘንድ ሰው ሲወልድ የራሱ ስም ይቀርና በመጀመሪያ ልጁ ይጠራል፤ «ማክ ኒና» የኒና እናት ማለት ነው። እኛ ሰውን «የእንትና አባት» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ረቡዕ

በረርን። ጋሼ ሙሄ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው መሬት እስክትታይ ይጠብቁ ነበር። ለረጅም ሰዓት ያየነው ውሃ ብቻ ነው። በመጨረሻ ውሃው መካከል ነጭ የአሸዋ ቀለበት፣ ቀለበቱ ላይ አረንጓዴ ክር የመሰለ ኮኮናት ታየ። ጋሼ ሙሄ ዘወር ብለው «ሌላው የት አለ?» አሉኝ። ሌላ የለም አልኳቸው።

በሩ ሲከፈት ሙቀቱ እንደ እንፋሎት ተቀበለን። ጋቢው ያን ጊዜ ወለቀ። ከማረፊያው አጠገብ ሰዎች ጎልፍ ይጫወታሉ፤ አውሮፕላን ሲመጣ ቆም ይላሉ፣ ሲያልፍ ይቀጥላሉ። በአውቶቡስ ወደ ጀልባው ወደብ ወሰዱን። ሐናን እዚያ ቆማ ነበር። ጠቁራለች፣ ከሳችም ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወፍራ ነው ያገኘኋት። አቅፋኝ እያለቀሰች በእንግሊዝኛ ታወራኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ ቤታችንም እንዲሁ ነበርን።

ከኋላዋ ቀጠን ያለ ልጅ ከጀልባው ወርዶ መጣ። ያሲን መሆኑን በፎቶ ስላየሁት አወቅኩት። ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት ግን ማክ ኒና ዘንድ ሄዶ እጇን ይዞ ሳማትና ግንባሩን አስነካ። ሐናን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የእናቱ ታላቅ እህት ናት» አለችኝ።

መሬት ብትከፈት ገብቼ በቀረሁ። ፐርዝ ላይ ተቀምጬ የልጁን አክስት «ልጄን ላስቀር ነው የምሄደው» ብያታለሁ። ማክ ኒና አየችኝ፤ ምንም የተለየ ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም። ሣጥኖቿን እየቆጠረች ጀልባው ላይ አስጫነች። ሐይቁን የሚመስለውን ውሃ ስናቋርጥ ዛሬ ማታ መንደሩ በሙሉ ነገሬን ይሰማል ብዬ አጎንብሼ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ

ማታውን ማንም ምንም አላለኝም። ጠዋትም እንዲሁ። የያሲን ቤተሰብ ከራሳቸው መኝታ ወጥተው ለእኔና ለጋሼ ሙሄ ለቀቁልን፤ እነሱ ሳሎን ምንጣፍ ላይ አደሩ። ወሎም ቢሆን ከዚህ የበለጠ እንግዳ አይከበርም። እናቱን ማክ ያሲን፣ አባቱን ፓክ ያሲን ይሏቸዋል። እኔንም ከመድረሴ ማክ ሐናን አድርገውኛል። አባትየው ደረታቸውን ይዘው ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ከንግግር ፈገግታ የሚቀናቸው ሽማግሌ ናቸው።

ምሳ ዓሣ በኮኮናት ወተት ነበር። ጋሼ ሙሄ ቀምሰው ወደ እኔ ጠጋ አሉና «ዘሃራ፣ ወጡ ውስጥ ስኳር ገብቷል እንዴ?» አሉ። ከኪሳቸው ሚጥሚጣ አወጡ፤ ለኬላ ሠራተኞቹ ዲክሌር አድርገን ያለፈችው ናት። ፓክ ያሲንም እጃቸውን ዘረጉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ቋንቋ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ ሳህኑን ጨረሱት።

ከምሳ በኋላ ሐናን መንደሩን አሳየችኝ። መንገዱ ጠባብ፣ የጡብ ንጣፍ ነው። መኪና ጥቂት ነው፤ ሰው በትናንሽ ባለ አራት ጎማ ሞተሮች ይሄዳል። ቤቶቹ ተደጋግፈው፣ በሮቹ ክፍት ሆነው፣ የአንዱ ቤት ሽታ ለሌላው ይደርሳል። እኛ ሕንፃ ላይ በአንድ ፎቅ እየኖርን በራችን ሦስት ቁልፍ አለው። ልጄ በየደጃፉ እየቆመች ሽማግሌዎቹን በራሳቸው ቋንቋ ታናግራለች፤ እግሩ ያበጠውን፣ መድኃኒቱን የረሳውን። ከእኔ ጋር በአማርኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር የማትቀጥል ልጅ ማላይኛ ስትናገር መስማት ግራ አጋባኝ፤ ትንሽም ቀናሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሬዲዮው ትንበያውን እየተናገረ ነበር። ቤተሰቡ ያለ ትእዛዝ ዝም አለ፤ ማክ ያሲን ውሃውን ዘጋች፣ ሕፃን ልጅ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ከደሴቶቹ ሰሜን ያለው ዝቅተኛ ግፊት እየጠነከረ ነው፣ በማግሥቱ አውሎ ነፋስ ሊሆን ይችላል፣ ነዋሪዎች ይዘጋጁ የሚል ነው። ሰዎቹ ተነሱ። የሮጠም የጮኸም የለም። ያሲን ጀልባዎቹን ሊያስር ወደ ወደቡ ሄደ፤ ሌሎቹ ከግቢው ሊነሳ የሚችለውን ወንበር፣ ቆርቆሮ፣ ማሰሮ ሁሉ ወደ ቤት ያስገቡ ጀመር።

እኔ ፓክ ያሲን አጠገብ ተቀመጥኩና በልቤ የከረመውን ጠየቅኳቸው፤ ውሃው ቢመጣ ወዴት ነው የምትሸሹት? አንዲት የጎረቤት ልጅ አስተረጎመችልኝ። አሰብ አደረጉና «የምንሸሽበት ስለሌለን ቀድመን እንሰማለን» አሉኝ። ከዚያም በጣታቸው በግንብ የተሠራውን ትልቅ አዳራሽ አሳዩኝ።

ዓርብ

ከፈጅር፣ ከንጋቱ ሰላት፣ በኋላ ሁላችንም ወደ አዳራሹ ገባን። ሰማዩ መዳብ መስሏል፣ ኮኮናቶቹ ፀጉሯን እንደምትበጥር ሴት ወደ አንድ ወገን ተደፍተዋል። ሐናን የማይራመዱትን ሕመምተኞች ቀድማ አስገብታ ነበር፤ አንዲት እስትንፋስ የሚያጥራቸውን አሮጊት ግድግዳ አስደግፋ ኦክስጅን አድርጋላቸዋለች። የጁምዓ ሰላት እዚያው ተሰገደ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታው የኢማሙ ድምፅ አልተሰማኝም፤ ሰው ሲያጎነብስ አጎነበስኩ።

ሽማግሌው የተቀጠረው ከጁምዓ በኋላ ነበር። እኔ ቀርቷል ብዬ ነበር። ፓክ ያሲን ግን ቀኑ ቀኑ ነው አሉ። ኢማሙን፣ አንድ ሌላ አዛውንትና ማክ ኒናን ይዘው ጋሼ ሙሄ ከተቀመጡበት ምንጣፍ ፊት ተቀመጡ። ማክ ያሲን በፕላስቲክ የተሸፈነ ትሪ መሃል ላይ አስቀመጠች፤ ጨርቅ፣ ሽቶና ከሩዝ የተሠራ ጣፋጭ ነበረበት። ፓክ ያሲን በማላይኛ ተናገሩ፤ ማክ ኒና ወደ እንግሊዝኛ፣ እኔ ደግሞ ወደ አማርኛ መለስነው። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን፣ ቤታችን ትንሽ ናት፣ ግን እንደ ልጃችን እንይዛታለን ነው ያሉት።

ጋሼ ሙሄ ለዚህ ቀን ዝግጁ ነበሩ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ቀስ ብለው ተናገሩ። «ጥያቄያችሁን በአክብሮት ሰምተናል። ልጅ የአንድ ሰው ብቻ አይደለችም፣ የዘመድ ናት። እንመካከርበት። ሌላ ቀን ተመለሱ።»

እናንተ ታውቁታላችሁ። እኛ አገር በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ ልጁ የከበደችበት ይመስላል። «ተመለሱ» ማለት «ኑ» ማለት ነው። እኔ ግን ቃሉን ብቻ ተረጎምኩ፤ ሰምተናል፣ እንመካከራለን፣ ሌላ ቀን። ወጉን አልጨመርኩበትም።

ፓክ ያሲን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑ። መቼ እንመለስ ብለው አልጠየቁም። ማክ ያሲን ፕላስቲኩን መልሳ ትሪው ላይ አለበሰች። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እነሱ ዘንድ «ሌላ ቀን» ያለ ሰው እንዳያስቀይም ብሎ እምቢ ማለቱ ነው። ጋሼ ሙሄ ሥራቸውን በደንብ እንደሠራ ሰው ግድግዳውን ተደገፉ።

የፈለግኩት ነገር እኔ ሳልናገር ሆነ። ዝም ካልኩ አለቀ። ዝም አልኩ።

ሐናን ነገሩን ከሩቅ ስታይ ነበር። መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። በአማርኛ ነው ያናገረችኝ፣ ቃል እየፈለገች።

«እማ፣ እንዲህ ይበሉ ያልሻቸው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ሌላ ቃል ሳትጠብቅ ወደ አሮጊቷ ተመለሰች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ የኦክስጅኑን መለኪያ ደጋግማ አነበበች።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። ያሲን ከወደቡ ውሃ እየተንጠባጠበ ገባ። እናቱ በጆሮው ነገረችው። ቆም ብሎ ጋሼ ሙሄን አያቸው። ከዚያ ከአዳራሹ ጥግ መደገፊያ ያለው ወንበር ተሸክሞ አመጣና ብብታቸው ሥር ገብቶ አንስቶ አስቀመጣቸው፤ መሬት መቀመጥ ጉልበታቸውን እንዳሳመማቸው ከእኔ በፊት እሱ አይቷል። ማክ ያሲን ደግሞ ትሪውን እንዳስቀመጠች ሻይ ቀድታ ለሐናን ወሰደችላት። ቀና አድርጋ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችላት። ልጃችንን እንደከለከልናቸው እያሰቡ ነው ይህን የሚያደርጉት። ልታገባ ነው ብለው ሲይዟትና አታገባም ተብለው ሲይዟት ልዩነት ፈለግኩ፤ አጣሁ።

ማክ ኒና ሩዝ ይዛልኝ መጣች። አላስቻለኝም። ፐርዝ ላይ የነገርኩሽን ነግረሻቸዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ምን ነገርሽኝ?» አለችኝ። «ስለ ዝናብ ነው ያወራነው።» ሩዙን ወደ እኔ ገፋ አደረገች። «ብዪ።»

አልበላሁም። ተነስቼ ሐናን ዘንድ ሄድኩ። «እንዲህ ይበሉ ያልኳቸው እኔ አይደለሁም። ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ» አልኳት። ከዚያ እጇን ይዤ ፓክ ያሲን ፊት ተቀመጥኩና ማክ ኒናን እንድታስተረጉምልኝ ለመንኳት። ወጋችንን ነገርኳቸው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሳይመላለስ ልጅ አይሰጥም፤ ዛሬ የሰማችሁት የወግ እንጂ የእምቢታ ቃል አይደለም፤ ያልተረጎምኩላችሁ እኔ ነኝ፤ ፈርቼ ነው፣ ከእናንተ ሳይሆን ከባሕሩ፤ አልኳቸው። ማክ ኒና አንዱንም ሳታስቀር መለሰችው።

ፓክ ያሲን ራሳቸውም ልጆቻቸው ባሕር ላይ ውለው ሲዘገዩ እንደሚፈሩ ነገሩኝ። ከዚያ ጋሼ ሙሄ ሁላችን የተሰበሰብንበት ምክንያት ስላልገባቸው ጠሩኝ። ስነግራቸው ከወንበሩ ተነሱ።

«እምቢ ያልኩ መስሏቸው ነው እስካሁን የተቀመጡት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ይህን ወንበር ያመጣልኝም?»

«አዎ።»

ጋሼ ሙሄ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ፓክ ያሲን ዞሩ። አሁኑኑ እሺ ይላሉ ብዬ ነበር፤ ግን ወግ ወግ ነው። «ነገ ከፈጅር በኋላ ይመለሱ በያቸው» አሉ። «እንዳይዘገዩም በያቸው።» ይህ ሲተረጎም በአዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሳቅ ከዝናቡ ድምፅ በላይ ተሰማ። አሮጊቷ እንኳ ጭምብሉን አንስተው ምን እንደተባለ ጠየቁ።

ዐሱር ከሰገድን በኋላ ትንበያው መጣ። አውሎ ነፋሱ ወደ ምዕራብ ታጥፏል፤ ጠርዙ ብቻ ነው የነካን። ነፋሱ እስኪመሽ ቢነፍስም ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልከበደኝም።

ቅዳሜ

መንገዱ በኮኮናት ዝንጣፊ ተሸፍኗል። የአንድ ቤት ቆርቆሮ ተነስቷል፣ ሰዎች ጣሪያው ላይ ወጥተው እየመቱት ነበር። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ሽማግሌዎቹ ወደ ቤቱ ሊመጡ አይችሉም፣ የምናድረው የራሳቸው ቤት ነውና። ስለዚህ ማክ ኒና ለማለዳው ቤቷን ለእኛ ሰጠችን፤ እኛ ባለቤቶች ሆነን ተቀመጥን፣ እነሱ በሩን አንኳኩ። ትሪውን ይዘው ዝንጣፊውን እየተሻገሩ ሲመጡ በመስኮት አየኋቸው፤ ፓክ ያሲን በያሲን ትከሻ ተደግፈዋል።

ጋሼ ሙሄ ሁለተኛ አላስለመኗቸውም። ሐናንን ጠርተው ፈቃዷን ጠየቋት። አዎ አለች፣ በአማርኛ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የወሎን ረጅም ዱዓ አደረጉ፤ ለልጆቹ፣ ለወንድማቸው ነፍስ፣ ለጀልባዎቹ፣ ለተነሳው ቆርቆሮ ሳይቀር። አንዱንም ቃል ያልሰሙት ሰዎች በየማረፊያው «አሚን» አሉ፤ አንድ ቦታ ላይ እንኳ አልሳቱም። እኔ ማልቀስ አይገባኝም ብዬ ነበር። ማክ ያሲን ስትጀምር ጀመርኩ።

ኒካሑ፣ የጋብቻ ቃል ኪዳኑ፣ የአውሎ ነፋሱ ወራት ካለፈ በኋላ እዚያው ይሆናል። ወደ ደሴቷ የሚመጣው አውሮፕላን ጥቂት ስለሆነ ከወዲሁ ቡክ አድርጉ፤ ወፍራም ልብስ አትያዙ።

ማክሰኞ

የመመለሻችን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሐናን ወደቡ ድረስ ሸኘችን። ያሲን ጀልባው ላይ ገመዱን እየፈታ ነው። ገና ስንተቃቀፍ ስልኳ ጮኸ፤ አንድ ሕፃን ከሞተር ወድቆ ክንዱን ሳይሰበር አልቀረም። «እማ፣ ይቅርታ፣ መሄድ አለብኝ» አለችኝና በክሊኒኩ መኪና ሄደች። ልጄ ዘወር ብላ አላየችኝም፤ ሥራዋ ላይ ነበረች። ሜልበርን ስትኖር ከሥራ ስትገባ የምትወድቅበትን ሶፋ፣ ማንንም ሳታናግር የምታሳልፋቸውን ቀኖች አስታወስኩ።

ጀልባው ተንቀሳቀሰ። ወደቡ ላይ ማክ ያሲንና ማክ ኒና ቀርተዋል፤ በልጄ ፋንታ እጃቸውን አንስተዋል። ጋሼ ሙሄ ጥላ ወዳለበት እንድገባ ጠሩኝ፤ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። ሴቶቹ እጃቸውን አላወረዱም፤ እኔም አላወረድኩም፣ ነጥብ እስኪሆኑ።